የተፋቁ ቁጥሮች

አብዱልሀኪም አዲስ ዕቃ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ቁጥሩን በምላጭ መፋቅ ነበር። ከሽንብራ ፍሬ እምብዛም የማትበልጠውን ትራንዚስተር በሁለት ጣቶቹ ይይዝና ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን እየፋቀ ያጠፋዋል። ከዚያ እፍ ብሎ ብናኙን ያራግፍና ሣጥኑ ውስጥ ይጥላታል። ሬድዮ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ስሙ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ በምን እንደሚተካ የሚያውቀው የፋቀው ሰው ብቻ ነው። በእሱ እጅ ያለፈ ሬድዮ ዳግመኛ ቢታመም የትም ቢዞር መድኃኒት አያገኝም፤ ተመልሶ እሱ ዘንድ ይመጣል።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ እንዲህ የሚያደርገው አብዱልሀኪም ብቻ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ የሚሠሩት ጋሼ አስፋውም ይፍቃሉ። ካራቆሬም ይፋቃል፤ ጣርማ በርም ይፋቃል። ከቆላው እስከ ደጋው ሬድዮ ጠጋኝ ሆኖ ምላጭ የሌለው አልነበረም። ለምን ቢባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ ሙያ በልብ ነው።

ሚስቱ ሙሀባ መብራት በጠፋ ቀን መበየጃውን ብረት ከሰል ላይ እያጋለች ታቀብለው ነበር። ብረቱን ይቀበላትና ትከሻውን አዙሮ ይሠራል። አንድ ቀን ይህ ነገር ከነከናት።

"ከእኔም ትደብቃለህ እንዴ?"

ዞር ብሎ አያትና ሳቀ። "ወላሂ ካንቺ አይደለም። ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ትከሻዬ ራሱ ይዞራል።"

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። አብዱልሀኪም ስሙ ሲጠራ ገበያ ላይ ነበር፤ ከዚያው ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌው ወደ መኪናው። ሙሀባ ነጠላዋን እየጎተተች ስትደርስ መኪናው ተነሥቷል። ከተሳፋሪዎቹ ጭንቅላት መካከል የእሱን ለየችው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

"ሣጥኑን! ሙሀባ፣ ሣጥኑን ጠብቂ!"

ጠበቀችው። ከሰነበተች በኋላ ከፍታ አየችው። ከሞቱ ሬድዮዎች የተለቀመ፣ ከመርካቶ የመጣ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ዕቃ ሞልቶበታል፤ ሁሉም ጀርባው ተፍቆ ያብለጨልጫል። እንደ እህል በእጇ ዘገነችና መልሳ አፈሰሰችው። እህል ቢሆን እንኳ ጤፉን ከማሽላው ትለየው ነበር። ይህ ግን ስሙን የሚያውቅለት ሰው በመኪና ሄዷል።

ሙሀባ ሱቁን አልዘጋችም። የተበጠሰ ሽቦ ትቀጥላለች፤ የጣቢያ መፈለጊያውን ክር ትቀይራለች፤ ሙቀት ፈልጎ የገባውን በረሮ ታራግፋለች። ሰውም "የአብዱልሀኪም ሚስት ታየዋለች" እያለ ይመጣል። ሕመሙ የትራንዚስተር ሲሆን ግን ሬድዮውን ጨርቅ ጠቅልላ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች። "ትንሽ ይቆይ" ትላለች። መደርደሪያው ሞላ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ካሳሁን መጡ። ቆመው መደርደሪያውን በዓይናቸው ቃኙት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ ሲናገሩ ሁልጊዜ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊታቸው ያለ ይመስላቸዋል።

"ጓዲት ሙሀባ፣ ይህ ቤት የሕዝብ ቤት ነው። ለባልሽ የተሰጠው ለሬድዮ ጥገና አገልግሎት ነው። አሁን የማየው መጋዘን ነው።"

"እየሠራሁ ነው፣ ጓድ ካሳሁን።"

"የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ቦታ ጠቦኛል እያለ ነው። እኔ ብቻዬን አልወስንም፤ ከመስቀል በኋላ ኮሚቴው ይቀመጣል። በሕዝብ ፊት አንድ የሞተ ሬድዮ ይቀርብልሻል። ከተናገረ ቤቱ ያንቺ ነው። ካልተናገረ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።"

ሲወጡ በሩ ላይ የተጻፈውን ቀና ብለው አነበቡ፤ "አብዱልሀኪም ሬድዮ ጥገና" ይላል። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከሱቁ ፊት ሽንኩርት የምትቸረችረው ሸዋዬ አንድም ቃል አላመለጣትም።

"ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው?"

"እማራለሁ።"

"ባልሽ ሲሠራ አይተሽ? እኔም ባሌ ሲያርስ አያለሁ። ሞፈር አስይዘሽ ብትሰጂኝ በሬዎቹ ይስቁብኛል።"

"ሰው ያስተምረኛል።"

"ማን? አስፋው?" ሸዋዬ ሽንኩርቷ ላይ እስክትደፋ ሳቀች። "እሱ እንኳን ላንቺ ለጥላውም ጀርባውን ይሰጣል!"

ሙሀባ ያን ዕለት መንገዱን ተሻገረች። ጋሼ አስፋው ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው ነበር፤ ስትገባ ትከሻቸው ዞረ። አንዲት የተፋቀች ትራንዚስተር በመዳፏ አስቀምጣ ዘረጋችላቸው።

"ጋሼ አስፋው፣ ይቺን ቢያዩልኝ። ምን እንደሆነች ብቻ ቢነግሩኝ።"

በመነጽራቸው ሥር አዩአት። "ባልሽ እዚያ ማዶ ተቀምጦ ደንበኛዬን ሲነጥቀኝ ኖሮ ዛሬ እኔ ሚስቱን ላስተምር? ሙያ በልብ ነው፣ ልጄ። ይልቅ ሣጥኑን ሽጪልኝ።"

"ምን ያደርግልዎታል? ሁሉም እኮ ተፍቋል።"

ጋሼ አስፋው ትራንዚስተሯን ወደ ብርሃኑ አነሡ፤ አገላበጡ፤ መለሱላት። ሙሀባ ያኔ ገባት። እሳቸውም አያውቋትም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሣጥን ሙሉ ዕውቀት ተቀምጧል፤ አንዱ ለሌላው ዕውር ነው።

በማግስቱ በእህል ጫኝ መኪና ካራቆሬ ሄደች። እዚያ በረንዳ ላይ የሚሠሩ አሊዪ የሚባሉ ሽማግሌ ጠጋኝ አሉ። የመነጽራቸው አንዱ ጆሮ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ማን መሆኗን ስትነግራቸው እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

"ያ አላህ! የአብዱልሀኪም ሚስት! የባልሽ እጅ ያለፈበት ሬድዮ እኔ ዘንድ ሲመጣ ሳልከፍተው ነው የምቆጣው።"

"እርስዎስ አይፍቁም፣ ጋሼ አሊዪ?"

"እፍቃለሁ እንጂ! የእኔ ምላጭ ከእሱ ይብሳል።" ሳቁ፤ ከኋላቸው ያለውን መደርደሪያ በአገጫቸው አሳዩአት። "እነዚያን ታያለሽ? ያሸነፉኝ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ሲመጡ 'ዕቃው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው' እላለሁ። መቼም የአዲስ አበባ መንገድ ረጅም ነው።"

"እኔም መደርደሪያ ሙሉ አለኝ።"

"አንቺ ጀማሪ ነሽ።"

"ጋሼ አሊዪ፣ ያሸነፉዎትን ይዘው ቢመጡ፣ እኔም ያሸነፉኝን ባወጣ፣ አንድ ላይ ብናያቸውስ? ካንዱ የጠፋው ሌላው ዘንድ ይኖር ይሆናል።"

ሽማግሌው የመነጽራቸውን ክር አጠበቁ።

"አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ምን ያደርጋል?"

"ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል።"

"አንቺ እኮ በሬም የለሽ፣ ልጄ።"

"ቀንበሩን እኔ አመጣለሁ" አለች ሙሀባ።

አሊዪ ሳቁ። ግን እሺ አሉ። ከጣርማ በር ወርቁ የሚባለውን ጠጋኝ ይዤ እመጣለሁ ብለው ጨመሩ፤ አዲስ አበባ ሙያ ተምሮ የተመለሰ፣ ቴስተር የሚባል ባለ መርፌ መፈተሻ ያለው ሰው ነው።

አሁን የቀረው መሰብሰቢያ ነበር። በዚያ ዘመን ሰዎች ሬድዮ ከበው ከተቀመጡ የሚጠየቁት ሬድዮውን ሳይሆን ጣቢያውን ነው። ሙሀባ እስክትጠራ አልጠበቀችም፤ ራሷ ቀበሌ ሄደች።

"ለምን ዓላማ ነው የምትሰበሰቡት?" አሉ ጓድ ካሳሁን።

"ለመማማር።"

"ማን ያስተምራል?"

"ሁላችንም።"

"ሁላችሁም ካስተማራችሁ ማን ይማራል?"

"ሁላችንም" አለች፤ ከበሩም አልተንቀሳቀሰችም።

ጓድ ካሳሁን እስክሪብቷቸውን ሲያንኳኩ ቆዩና ፈቀዱ፤ ሆኖም ስብሰባው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ባለው የሮቃ ዛፍ ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት እንዲሆን አዘዙ። የውጭ ጣቢያ የሚሰማበት አጭር ሞገድ እንዳይነካም አስጠነቀቁ። ቀኑ እሑድ ከሰዓት ሆነ፤ ጁምዓ ለእስላሙ፣ ጠዋቱ ለቤተ ክርስቲያን ሳሚው ስለሆነ።

በመጀመሪያው እሑድ ወርቁ ከጣርማ በር ብርድ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ካፖርት ለብሶ ወረደ። ሮቃው ሥር ሲደርስ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

"አውልቀው እንጂ" አሉት አሊዪ።

"ሸሚዜ ተቀዷል።"

"እኛ የመጣነው የተቀደደ ልናሳይ አይደል?"

መቀናጆ ብለው የሰየሙት የዚህ ስብሰባ ሕግ በዚህ ቀልድ ወጣ። ሁሉም ያሸነፈውን ሬድዮ ይዞ ይመጣል። ከመክፈቱ በፊት ምን እንደሞከረ፣ የት ላይ እንደጠፋበት ጮክ ብሎ ይናገራል። የሠራውን ማውራት የለም፤ ያልሠራለትን ብቻ። አሊዪ ቀደሙ። አንዱን ሬድዮ አንሥተው የሞከሩትን ሁሉ ተናገሩ፤ ከዚያ ክዳኑን ሊፈቱ ካቻቢቴ ሲያነሡ ትከሻቸው ቀስ ብሎ ዞረ። ሙሀባ የምታየው የሸሚዛቸው ጀርባ ሆነ።

"ጋሼ አሊዪ፣ ትከሻዎ!"

ሽማግሌው ራሳቸውን እንደ እንግዳ አዩት። "አይ አንቺ! ወላሂ አልታወቀኝም።" ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ የወርቁ ትከሻ ዞረ፤ አሁን የጮኹት አሊዪ ነበሩ። "ትከሻ!"

ከዚያ ወዲህ ማንም ጀርባውን በሰጠ ቁጥር "ትከሻ!" መባሉ ደንብ ሆነ። የሸዋዬና የሌሎቹ ሽንኩርት ሻጮች ጆሮ እስኪለምደው ድረስ ተባለ።

የሙሀባ ሣጥን ነጠላ ላይ ተገለበጠ። ወርቁ የቴስተሩን ሁለት ሽቦዎች በትራንዚስተሮቹ እግሮች ላይ እያስነካ መርፌው ሲዘል አሳያቸው። ይህቺ ሞታለች፤ ይህቺ ደህና ናት፤ ይህቺ ጣቢያ የምትይዝ ናት፤ ይህቺ ድምፅ የምታወጣ ናት።

"ስሟን አይነግረንም" አለ ወርቁ፣ "ዘሯን ግን ይነግረናል።"

ዘር በዘር በጣሳ ለዩአቸው። ስማቸውን መፈለጉ ከባድ ነበር። አሊዪ ከመደርደሪያቸው ምላጭ ያልነካቸው አሮጌ ሬድዮዎች አመጡ፤ ከእነሱ ጋር እያስተያዩ፣ ቦታ እያቀያየሩ፣ በጆሮ እያዳመጡ አንዳንዱን ለዩት። ሙሀባ የታወቀውን ሁሉ በዶሮ ላባ ጫፍ ነጭ ቀለም እያስነካች ቁጥሩን መልሳ ጻፈችበት። ልብስ ከመስፋት የደቀቀ ሥራ ነበር። ስትጽፍ ትንፋሿን ትይዛለች።

ሁሉ ነገር አልተሳካም። አንድ እሑድ ሙሀባ በግምት የተከለቻት ትራንዚስተር ጭሳ የሰው ሬድዮ ተቃጠለ። ማታ እስኪሆን አለቀሰች ቢባል ውሸት አይሆንም። አሊዪ ግን ሲነሡ እንዲህ አሏት፤ "ከእንግዲህ የማታውቂውን በሰው ሬድዮ ላይ አትሞክሪ። ጠይቂ። ካጣሽ መልሺ።" በሚቀጥለው እሑድ የተቃጠለውን ራሷ ይዛ መጣች፤ ያሸነፈኝ ይህ ነው ብላ ከመጀመሪያው ተናገረች።

ጋሼ አስፋው በእነዚህ እሑዶች ከሱቃቸው ጥላ ሥር ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር። ጋዜጣ የሚያነቡ ይመስላሉ፤ ጋዜጣው ግን አይገለጥም። አንድ ቀን ወደ ቤታቸው ሲያልፉ አሊዪ ሁለት ሽቦ ሲያገናኙ አዩ። ጥቂት አለፉ፤ ቆሙ፤ ራሳቸውን መግታት አቃታቸው።

"ገልብጠኸዋል!" ብለው ጮኹና እየተጣደፉ ሄዱ።

እውነትም ተገልብጦ ነበር። ሸዋዬ ያን ሳምንት ሽንኩርት ለገዛ ሁሉ ይህን ወሬ መረቀች።

መስቀል አለፈ። የኮሚቴው ጠረጴዛ ሮቃው ሥር ወጣ። ጓድ ካሳሁን መሃል ተቀመጡ፤ ከጎናቸው የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ወይዘሮ ፋናዬ፤ በዳር የልብስ ሰፊዎቹ ሰብሳቢ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ። አሊዪና ወርቁ ከሰዉ ጋር ቆሙ። ወርቁ ቴስተሩን ለሙሀባ አውሷታል። ጋሼ አስፋውም ከኋላ ነበሩ። ሙሀባ የሱቁን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች፤ እንዳስፈላጊነቱ ልትፈታው።

ሬድዮውን ያመጡት አባ ወልደማርያም ናቸው፤ ከቀወት መንደሮች ከአንዱ የመጡ አራሽ። ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ዝም ካለ ከርሟል። ቤቴ ውስጥ ዝም የሚለው እሱ ብቻ ነው።"

ሙሀባ ተቀመጠች። ጆሮዋን ሬድዮው ላይ አስጠግታ ከፈተችው፤ እንደ እሑዱ ደንብም ጮክ ብላ ተናገረች።

"የባትሪ ድንጋዩ ደህና ነው። ስከፍተው ጠቅ ይላል፤ ስፒከሩ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ግን ዝም።" ክዳኑን ፈታች። ሰው ሁሉ እንዲያይ ወደ ሕዝቡ አዞረችው። የቴስተሩን ሽቦዎች ከአንዱ ወደ ሌላው አስነካች፤ መርፌው ዘለለ፤ ዘለለ፤ አንዱ ጋ ሲደርስ ተኛ።

"እዚህ ነው። ድምፅ የሚያወጡት ሁለት መንትዮች ናቸው። አንደኛዋ ሞታለች።"

ጀርባቸውን አየች። ሁለቱም ተፍቀዋል። ሰዉ ምን እንዳየች አላወቀም፤ አሊዪ ግን ፊቷን አይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጣሳዋ ውስጥ የድምፅ ዘር የሆኑ በርካታ አሉ፤ በነጭ ቀለም የተጻፈባቸውም አሉ። አንዷን አንሥታ ብትተክል ልክ ልትሆን ትችላለች። ልትጭስም ትችላለች። ያ የተቃጠለው ሬድዮ ሽታ አፍንጫዋ ላይ መጣ። ዕቃዋን ትታ ፍቀቱን ተመለከተች። ባሏ የሚፍቀው አንዴ ወደ ታች አንዴ ወደ ጎን ነው። ይህ ግን አንድ ወጥ ነው፤ ከግርጌ ወደ ራስጌ የተሳበ። ክረምቱን ሙሉ የስንቱን ጠጋኝ ፍቀት አይታለች፤ ይህኛውን ከመንገዱ ማዶ ተሠርተው በመጡ ሬድዮዎች ላይ ታውቀዋለች።

ብድግ አለች።

"ጋሼ አስፋው!"

ሰዉ ወደ ኋላ ዞረ።

"ይህ የእርስዎ ምላጭ ነው። ቁጥሩን ይንገሩኝ።"

አባ ወልደማርያም ቀስ ብለው ዞሩ።

"አስፋው! አንተ ነህ እንዴ የፋቅኸው? ከሰው የገዛሁት ነው፤ ካራቆሬ ወስጄው 'ይህ ስሙ የጠፋ ነው' ብለው መለሱልኝ እኮ! እኔ ሬድዮዬ የተረገመ መስሎኝ ጠበል ላስረጨው ነበር!"

ሰዉ ሳቀ። ጋሼ አስፋው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ጓድ ካሳሁን ጠረጴዛውን መቱ።

"ጸጥታ! ጓዲት ሙሀባ፣ ፈተናው ያንቺ ነው። ሰው የምትጠይቂ ከሆነ አታውቂም ማለት ነው።"

ሙሀባ በሕይወቷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ቁልፉ የተቋጠረበትን የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

"ጓድ ካሳሁን፣ ባሌ ከእኔ የተሻለ ጠጋኝ ነው። ጠይቆ አያውቅም፤ ለጠየቀውም ነግሮ አያውቅም። ይኸው እሱ ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮት ሄደ። ለእኔም ለከተማውም አልቀረም። እኔ ክረምቱን ሙሉ የተማርኩት መጠየቅን ነው። በሽታው የት እንዳለ አውቄዋለሁ፤ የጎደለኝ አንድ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ደግሞ እኚህ ሰው ዘንድ ነው። ገምቼ የአባ ወልደማርያምን ሬድዮ ከማቃጥል ቁልፉን ባስረክብ ይሻለኛል።"

ጋሼ አስፋው ከሰዉ መካከል ሊወጡ ጀመሩ። ትከሻቸው ዞረ።

"ትከሻ!"

የሸዋዬ ድምፅ ነበር፤ ከሽንኩርቱ ክምር ላይ። ሌሎቹም ሽንኩርት ሻጮች ተቀበሏት፤ "ትከሻ! ትከሻ!" ክረምቱን ሙሉ ሲሰሙት ከርመዋልና ሕፃን አዋቂው ያውቀዋል። አባ ወልደማርያም እንኳ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ጮኹ።

ጋሼ አስፋው ጀርባቸውን እንደሰጡ ቆሙ። አንዲት ቃል ሳይናገሩ ቢሄዱ የከተማው ብቸኛ ጠጋኝ እሳቸው ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩ።

"መቶ ሃያ ስምንት" አሉ። "ኤሲ መቶ ሃያ ስምንት ናት። ሁለቱም።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።" ሙሀባ ከጣሳዋ በነጭ ቀለም 128 የተጻፈባትን ለቅማ አወጣች። አንዲት ብቻ ነበረች።

ጋሼ አስፋው ዕቃዋን ስትለቅም እጇን ሲያዩ ነበር። ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። "አንዷን ብቻ ብትቀይሪ አሮጌዋ አትችላትም፤ ተከትላት ትሞታለች። መንታ መንታ ነው፤ ሁለቱንም ቀይሪ። ቆዪ።" መንገዱን ተሻግረው ሱቃቸው ገቡ፤ ጣታቸው ላይ አንዲት የተፋቀች ትራንዚስተር ይዘው ተመለሱ። "ይቺም እሷው ናት። እኔን እመኚ።"

ከሰል ላይ የጋለውን ብረት አሊዪ አቀበሏት። እርሳሱ ቀለጠ፤ ጭስ ወጣ፤ ሙሀባ እፍ አለችበት። ከዚያ ማዞሪያውን ከፈተች።

መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ መጣ። ቀጥሎ ስለ ማሽላ ተባይ የሚናገር የአንድ ሰው ድምፅ፤ ከመሃል የጀመረ።

"ጎርነን አላለም?" አሉ አባ ወልደማርያም።

"ከርሞ ዝም ያለ ሲናገር እንዲህ ነው" አሉ ወይዘሮ ፋናዬ፤ ኮሚቴው ሳቀ። የልብስ ሰፊዎቹ ሰብሳቢ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለ።

ጓድ ካሳሁን ግን አልሳቁም። "ሬድዮው ተናግሯል። ይህን አልክድም። ጥያቄው ብቻዋን ሠርታዋለች ወይ ነው።"

አሊዪ ከሰዉ መካከል እጃቸውን አወጡ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ 'ከተናገረ' ነው ያሉት፤ 'ብቻዋን' አላሉም። ሸዋዬ ምስክር ናት፤ እሷ ደግሞ የማትሰማው የለም።"

"ተናግሯል!" አለች ሸዋዬ ከሩቅ። "ይኸው የማሽላዬን ተባይ እየነገረኝ ነው!"

ጓድ ካሳሁን ወደ ወይዘሮ ፋናዬ አጎነበሱ፤ ጥቂት ተንሾካሾኩ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዳራሽ ወደ ቤት ወረደ።

"ቁልፉን ያዢ።"

ሙሀባ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታችው። ቁልፉን አየችው፤ መልሳ ቋጠረችው።

በተከታዩ እሑድ ጋሼ አስፋው ሣጥናቸውን አቅፈው መንገዱን ተሻገሩ። አሊዪ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ሣጥኑ ነጠላው ላይ ተገለበጠ። ጋሼ አስፋው አንድ በአንድ እያነሡ ቁጥር ይጠራሉ፤ አንዳንዱን ለረጅም ጊዜ እያገላበጡ ያስቡታል። ሙሀባ በላባዋ ትጽፋለች። ወርቁ ካፖርቱን አውልቆ ሮቃው ላይ ሰቅሎታል፤ ሸሚዙ እንደተቀደደ ነው።

ከአብዱልሀኪም ሣጥን ክረምቱን ሙሉ ስሟ ያልተገኘላት አንዲት ትራንዚስተር ነበረች፤ ጀርባዋ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን የተፋቀ። ሙሀባ አነሣቻት። ጋሼ አስፋው አሁን ከራሳቸው ዕቃ ጋር ቢያስተያዩአት ምናልባት ያውቋት ይሆናል። ካወቋት ደግሞ በነጭ ቀለም ይጻፍባትና ያ ፍቀት ይሸፈናል። መዳፏን ጨበጠች። ሱቋ በር ላይ ወደተጻፈው የባሏ ስም ዞር አለች።

"ትከሻ!" አሉ ጋሼ አስፋው።

መቀናጆው ሁሉ ሳቀ። ሙሀባም ሳቀች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ፣ ቁልፉ በተቋጠረበት በኩል ጠረገች። ተመለሰችና መዳፏን ነጠላው ላይ ከፈተች።

"እስኪ ይዩልኝ" አለች። "ካላወቋት አብዱልሀኪም ሲመጣ ይነግረናል፤ እሱንም እዚሁ መሃላችን አስቀምጠን እንጠይቀዋለን።"